ጥቁሩ ዱቄት የት ይቀመጥ?

እንደምን ሰነበታችሁ፣ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ከቀበና ድልድይ ብዙ በማይርቅ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ የተበከለ ውኃ ለማጽዳት ስለሚታሰብ አንድ ጥቁር ዱቄት ላወራችሁ ነው። ከአራት ኪሎ ቁልቁል የሚወርዱት ታክሲዎች ጡሩምባ ጣልቃ ከገባ ታገሡኝ።

ዱቄቱ ማግኔታይት ይባላል፤ ብረትና ኦክስጅን ነው። ሁለት ዓይነት የብረት ጨው ውኃ ውስጥ ይሟሟል፣ አሞኒያ ይጨመርበታል፣ ፈሳሹም ወዲያው ይጠቁራል። ቅንጣቶቹ ከ20 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) ገደማ ሲያንሱ ጠባያቸው ይለወጣል፤ ማግኔት ሲቀርብ ይሳባሉ፣ ሲነሣ ግን ማግኔትነታቸውን ይተዋሉ።

እንደ እርሳስና ካድሚየም ያሉ መርዛማ ብረታ ብረቶችን ከውኃ መያዝ ያን ያህል ብርቅ አይደለም። የቡና ገለባ ይይዛል፣ የሙዝ ልጣጭም ይይዛል። ጣጣው ከያዘ በኋላ ነው። ዱቄት በላመ ቁጥር ብክለቱ የሚጣበቅበት ገጽ ይሰፋል፤ በላመ ቁጥር ደግሞ ከውኃው መለየቱ ይከብዳል። ቡናው ጀበና ውስጥ እስኪሰክን እንታገሣለን፤ ይህን ያህል የላመ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ብትጠብቁትም ላይሰክን ይችላል። ማግኔቱ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። በ2006 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የራይስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 12 ናኖሜትር የሆኑ ቅንጣቶች አርሴኒክ ከያዙ በኋላ በደካማ የማግኔት ኃይል ተሰብስበው ሊወጡ እንደሚችሉ በሳይንስ መጽሔት አሳይተዋል። እኔን የማረከኝ መያዙ ሳይሆን ሲጠሩት መመለሱ ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። በጥናት ጽሑፎች ላይ የምናነበው አስደናቂ ቁጥር ብዙ ጊዜ የተገኘው በተጣራ ውኃ ውስጥ አንድ ዓይነት መርዛማ ብረታ ብረት ብቻ ተጨምሮ ነው። የቀበና ወንዝ እንዲህ አይደለም! ሳሙና አለበት፣ አፈር አለበት፣ ካልሲየም አለበት፣ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሹን እንኳ አላነሣሁም። ሁሉም በዚያች ቅንጣት ገጽ ላይ ቦታ ይሻማሉ። ውኃው አሲድነት ሲኖረው ደግሞ ሃይድሮጅኑ ራሱ ቀድሞ ቦታውን ይይዛል።

ስለዚህ ዱቄቱን ወንዝ ውስጥ መበተን ለእኔ ቀልድ ነው። ቀበና ወደ ትልቁ አቃቂ ይገባል፤ ከዚያ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያ አዋሽ ወንዝ። በአቃቂ ውኃ የሚለማው ጎመንና ቆስጣ ተመልሶ ወደ ከተማዋ ገበያ ይመጣል። ብክለቱ ሳይበታተን መያዝ ያለበት ከፋብሪካው ቧንቧ ጫፍ ላይ ነው። ለምሳሌ ቆዳ ፋብሪካ ለማልፋት የሚጠቀመው ክሮሚየም በአብዛኛው ሦስት ቫለንሲ ያለው፣ መርዛማነቱ ያነሰው ዓይነት ነው፤ እሱን ኖራ ጨምሮ ማዝቀጥ ይቻላል፣ ርካሽም ነው። ማግኔታይት የሚገባው ከኖራው ያመለጠውን ለመልቀም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የክሮሚየም ጣሪያ በሊትር 50 ማይክሮግራም ስለሆነ፣ ለታችኛው ተፋሰስ ሰው ያ ትርፍራፊ ቀላል አይደለም። መርዛማው ባለ ስድስት ቫለንሲ ክሮሚየም ሲያጋጥም ደግሞ በማግኔታይቱ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ሦስት ያወርደዋል፤ ኖራ ይህን አያደርግም።

የመጨረሻው ጥያቄ ዱቄቱ የያዘውን ለቆ ዳግም እንዲሠራ በአሲድ ሲታጠብ የሚወጣው ፈሳሽ ነው። ከውኃው የተያዘው መርዛማ ብረታ ብረት አልጠፋም፤ ተጠራቅሞ በርሜል ውስጥ ገብቷል። አሲዱ ሲበረታም ማግኔታይቱን ራሱን ያሟሟዋል። ክሮሚየሙ ተጣርቶ ወደ ማልፊያው ሊመለስ ይችል ይሆናል። ካድሚየምን ግን ማን ይረከባል? ይህ ሳይወሰን ማግኔቱን እንዲገዛ ለማንም ፋብሪካ አልመክርም።