አፍ የሌለው ትል፣ ሁለት ዓይነት ምንጭ

[ምስል፦ ጨለማ። ቀስ እያለ ደም የመሰለ ቀይ ላባ ይታያል።]

ይህ እንስሳ አፍ የለውም። ሆድ የለውም። አንጀትም የለውም። ግን የሚኖርበት ነጭ ቱቦ 2 ሜትር ሊረዝም ይችላል።

የሚገኘው ከባሕሩ ገጽ 2,500 ሜትር ያህል ወደ ታች ነው። የፀሐይ ብርሃን እዚያ አይደርስም። ግፊቱ እኛ ከለመድነው የአየር ግፊት 250 እጥፍ ገደማ ነው። ታዲያ ምን በልቶ ነው እንዲህ የፋፋው?

ይህ ጥያቄ ተመራማሪዎችን ለተወሰኑ ዓመታት አስጨንቋል። መልሱ ከተገኘ በኋላ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ወለደ። ለእኔ ሁለተኛው ከመጀመሪያውም የበለጠ ይደንቃል። በቅደም ተከተል እንሂድ።

[ምስል፦ የጋላፓጎስ ደሴቶች ካርታ። «1977» የሚል ጽሑፍ።]

በ1977 ነው። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው። የጂኦሎጂ ተመራማሪዎች በጋላፓጎስ ደሴቶች አካባቢ ከባሕር ሥር ፍል ውሃ እየፈለጉ ነበር። የባሕሩ ወለል በሚሰነጠቅበት ቦታ ሙቅ ውሃ መውጣት አለበት ብለው ያምኑ ነበር። ግን በዓይኑ ያየው ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ አንጉስ የተባለ የካሜራ ሣጥን በገመድ እየጎተቱ ወለሉን ፎቶ አነሡ። መሣሪያው አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ሙቀቱ ድንገት ከፍ አለ። ሦስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው ተመልሶ ወረደ። ፊልሙ ሲታጠብ 3,000 ያህል ፎቶ ወጣ። አብዛኛው ባዶ ጥቁር ላቫ ነው። ሙቀቱ ከፍ ባለባት በዚያች አጭር ጊዜ የተነሡት 13 ፎቶዎች ላይ ግን ዛጎሎች በብዛት ተከማችተው ይታያሉ።

ፌብሩዋሪ 17 ቀን አልቪን የተባለችው ሰርጓጅ ሦስት ሰው ይዛ ወረደች። ከሦስቱ አንዱ ጃክ ኮርሊስ የሚባል ጂኦሎጂስት ነበር። ከታች ሆኖ ላይ መርከቡ ላሉት በስልክ የጠየቀው ነገር እስካሁን ይወራል። ጥልቅ ባሕር በረሃ ነው አይደል እንዴ የሚባለው አለ። አዎ ሲሉት፣ እዚህ ግን እንስሳ ሞልቷል ብሎ መለሰ።

በጣም የምወደው ዝርዝር ደግሞ ይኸውላችሁ። መርከቡ ላይ አንድም ባዮሎጂስት አልነበረም! ድንጋይና ሙቅ ውሃ ሊያጠኑ የሄዱ ሰዎች ናቸው። ከእንስሳቱ ናሙና ሲያመጡ ማቆያ ፎርማሊኑ ጥቂት ነበር። ቀሪውን ፓናማ ላይ የገዙት የሩሲያ ቮድካ ውስጥ ነከሩት።

ከታች የመጣውን ውሃ ሲከፍቱት የበሰበሰ እንቁላል ሸተተ። አፍንጫን የሚያስይዝ ሽታ ነው፤ የትሉ እንቆቅልሽ መፍቻም እሱው ነበር።

[ምስል፦ የባሕር ወለል በሥዕል ተቆርጦ ሲታይ። ቀዝቃዛ ውሃ በስንጥቅ ሲወርድ፣ ሞቆ ሲመለስ።]

ሽታው የሃይድሮጂን ሰልፋይድ ነው። እንዲህ ነው የሚፈጠረው። የባሕር ውሃ በስንጥቁ ገብቶ ወደ ታች ይሰርጋል። ከሥር ቅልጥ አለት አለ። ውሃው እዚያ ሲጠጋ እጅግ ይግላል፤ ከድንጋዩ ጋርም ይዋሐዳል። ብረት፣ መዳብ፣ ዚንክና ሰልፋይድ ተሸክሞ ወደ ላይ ይመለሳል።

በ1979 ከሜክሲኮ ወጣ ብሎ ባለው የፓስፊክ ወለል ላይ ጭስ ማውጫ የመሰሉ የድንጋይ ምሰሶዎች ተገኙ። ከጫፋቸው ጥቁር ነገር ይተፋሉ። ጭስ ይመስላል እንጂ ጭስ አይደለም። የጋለው ውሃ 2 ዲግሪ አካባቢ ከሆነው የባሕር ውሃ ጋር ሲገናኝ በውስጡ የነበረው ማዕድን ወዲያው ረግቶ ደቃቅ ጥቁር ዱቄት ይሆናል። የአልቪን ሙቀት መለኪያ እዚያ ሲገባ ፕላስቲኩ ቀለጠ። በኋላ በተሻለ መሣሪያ ሲለካ 380 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ተገኘ። እንዲህም ሆኖ አይፈላም፤ ከላይ የተጫነው የውሃ ክብደት አያፈላውም።

ትሎቹ 380 ዲግሪው ውስጥ አይገቡም። የሚኖሩት ዳርዳሩን፣ ሙቁ ከቀዝቃዛው በሚቀላቀልበት ለብ ባለ ውሃ ነው።

[ምስል፦ የተቆረጠ ትል ሥዕል፤ መካከሉ ጎላ ብሎ።]

አሁን ወደ ምግቡ። በ1980 የስሚዝሶኒያን ሙዚየም ባልደረባ ሜሬዲት ጆንስ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ስለ ትሉ ሊያስረዱ መጡ። ገለጻቸው መሃል የትሉ ሰውነት ውስጥ የሰልፈር ቅንጣት እንዳገኙ ጠቀሱ። ኮሊን ካቫና የተባለች ጀማሪ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ብድግ አለች። በቃ፣ ውስጡ ሰልፈር የሚጠቀሙ ባክቴሪያዎች አሉ ማለት ነው አለች። ናሙና ጠይቃ መረመረችው። በ1981 ውጤቱ ታተመ። ልክ ነበረች።

የትሉን ሰውነት የሞላው ስፖንጅ መሳይ አካል በቢሊዮን በሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች የታጨቀ ነው። ባክቴሪያዎቹ ሰልፋይዱን ከኦክስጅን ጋር አዋሕደው ኃይል ያወጣሉ። በዚያ ኃይል ካርቦን ዳይኦክሳይድን ምግብ ያደርጉታል። ቅጠል በፀሐይ ብርሃን የሚሠራውን ሥራ እነሱ በኬሚካል ይሠሩታል። ትሉ የሚበላው ከነሱ ጓዳ ነው።

የትሉ ድርሻ ደግሞ አቅራቢነት ነው። ያ ቀይ ላባ ቀይ የሆነው በሄሞግሎቢን ነው፤ እኛ ደም ውስጥ ያለው ዓይነት። እዚህ ላይ ግን ልብ በሉ። ሰልፋይድ ለእኛ መርዝ ነው፤ ሴሎቻችን በኦክስጅን እንዳይጠቀሙ ያግዳል። የትሉ ሄሞግሎቢን ኦክስጅኑን በአንድ ቦታ፣ ሰልፋይዱን በሌላ ቦታ ይዞ ሁለቱንም ሳያነካካ ያደርሳል። መርዙን አሽጎ ወጥ ቤት ድረስ የሚወስድ ደም ነው።

ከባክቴሪያ ጋር ግን አይወለድም። እጭ ሆኖ ባሕሩ ውስጥ ይንሳፈፋል። ወለሉ ላይ ካረፈ በኋላ ባክቴሪያው በቆዳው በኩል ሰርስሮ ይገባል። በልጅነቱ የነበረው ጊዜያዊ የምግብ መተላለፊያ ከዚያ በኋላ ይጠፋል።

አንድ ነገር ላርም። ብዙ ጊዜ «ያለ ፀሐይ የሚኖር ሕይወት» ሲባል እሰማለሁ። እኔም እል ነበር። ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። ባክቴሪያዎቹ የሚጠቀሙት ኦክስጅን ከላይ፣ በብርሃን ከሚኖሩ ዕፅዋትና ደቂቅ ሕዋሳት የመጣ ነው። ምግቡ ከመሬት ሆድ ነው፤ ማንደጃው ግን ከፀሐይ።

[ምስል፦ ጸጥ ያለ፣ ጭቃማ ወለል። ቀጭን የአረፋ መስመር ወደ ላይ ሲወጣ።]

ሁለተኛው ጥያቄ የመጣው ከዚህ ነው። በ1984 ሌላ ግኝት ታተመ። ቦታው የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ፣ ከፍሎሪዳ ወጣ ብሎ፣ 3,200 ሜትር ጥልቀት ላይ። እዚያ እሳተ ገሞራ የለም። የጋለ ውሃም የለም። ትሎቹና ዛጎሎቹ ግን አሉ።

እነዚህን ቀዝቃዛ ምንጮች እንላቸዋለን። ከወለሉ ሥር ከተቀበረ አሮጌ ብስባሽ የሚወጣ ሚቴን የተባለ ጋዝ ቀስ እያለ የሚያመልጥባቸው ቦታዎች ናቸው። ጭቃው ውስጥ ሁለት ዓይነት ደቂቅ ሕዋሳት ተጣብቀው ይኖራሉ። አንዱ ሚቴኑን ያቃጥላል፤ ሌላው በባሕር ውሃ ውስጥ ያለውን ሰልፌት ይጠቀማል። አብረው ሲሠሩ ሁለት ነገር ይተርፋል። አንዱ ሰልፋይድ ነው፤ ለትሉ ምግብ። ሁለተኛው የኖራ ድንጋይ የሚሆን ካርቦኔት ነው፤ ትሉ የሚጣበቅበት መሠረት። በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ለጎረቤቶቻቸው ቀለብም ቤትም ይሠራሉ።

ትሎቹ ዘመዳሞች ናቸው። አሠራራቸው አንድ ነው። ታዲያ አንድ ዓይነት ኑሮ ይኖራሉ?

[ምስል፦ ስክሪኑ ለሁለት ተከፍሎ። በግራ የፍል ውሃው ትል፣ በቀኝ የቀዝቃዛው ምንጭ ትል።]

በ1991 በምሥራቅ ፓስፊክ የባሕር ውስጥ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ተመራማሪዎች ወዲያው ደረሱ። የነበረው ሁሉ በላቫ ተቃጥሏል። ከወለሉ ስንጥቅ ነጭ የባክቴሪያ ብናኝ እንደ በረዶ ይተፋል። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ቆይተው ሲመለሱ ባዶ በነበረው ላቫ ላይ 1 ሜትር ተኩል የሚሆኑ ትሎች ቆመዋል። ቱቦዎቹ በዓመት ከ85 ሴንቲ ሜትር በላይ አድገዋል። ባሕር ውስጥ ካሉ አከርካሪ አልባ እንስሳት እንዲህ የሚፈጥን ከዚያ በፊት አልታወቀም።

አሁን ወደ ቀኙ እንዙር። በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ተመራማሪዎች የቀዝቃዛ ምንጭ ትሎችን ቱቦ በሰማያዊ ቀለም ቀቡ። ከዓመት በኋላ ተመልሰው ከቀለሙ በላይ የበቀለውን ነጭ ክፍል ለኩ። ኢምንት ነው። ከዚህ ተነሥተው ዕድሜያቸውን አሰሉ። አንደኛው ዝርያ እስከ 250 ዓመት። በ2017 ደግሞ ኤስካርፒያ ላሚናታ የተባለው ሌላ ዝርያ ከ300 ዓመት በላይ እንደሚኖር ታተመ።

ያው ዘመዳሞች! አንዱ በጥቂት ዓመት ሮጦ የሚጨርስ፣ አንዱ ሦስት መቶ ዓመት የሚቆይ። እኔ እንደገባኝ ልዩነቱ ምንጩ ላይ ነው። ፍል ውሃው ዛሬ አለ፤ ነገ ላቫ ሊደፍነው ወይም ሊደርቅ ይችላል። እዚያ ቶሎ ያላደገ፣ ቶሎ ያልወለደ ዘር አይተካም። ቀዝቃዛው ምንጭ ግን ለብዙ ዘመን ሳያቋርጥ ጠብ ይላል። እዚያ መቸኮል ምንም አያተርፍም።

የቸኮለው ግን አዲስ ቦታ መፈለግ አለበት። በ2006 እዚያው ምሥራቅ ፓስፊክ ላይ ከሌላ ፍንዳታ በኋላ መጀመሪያ ከሰፈሩት ውስጥ አንድ ቀንድ አውጣ ነበር። የዚሁ ዝርያ የሚታወቀው የቅርብ መኖሪያ ያለው ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነው። እጩ ያን ሁሉ መንገድ በጨለማ ተንሳፍፎ መጥቷል። በ2023 ደግሞ በርቀት የሚመራ ሮቦት የላቫውን ንጣፍ ሲገለብጥ ከሥሩ ባለው ክፍተት ውስጥ ሙሉ ያደጉ ትሎችና ቀንድ አውጣዎች ተገኙ። እንስሳቱ ወለሉ ላይ ብቻ ሳይሆን ከወለሉም ሥር ይኖራሉ። እጮቹ በዚያም በኩል ሳያልፉ አይቀሩም።

በ2025 የታተመውንም ላንሣ። በሰሜን ምዕራብ ፓስፊክ፣ በኩሪል ካምቻትካ ገደል ውስጥ፣ ፌንዶውዠ የተባለችው የቻይና ሰርጓጅ እስከ 9,533 ሜትር ድረስ በኬሚካል የሚኖሩ ትሎችና ዛጎሎች አገኘች። ኤቨረስት እዚያ ቢቆም ከውሃው ጥቂት መቶ ሜትር ሥር ነው የሚቀረው ጫፉ።

[ምስል፦ ጥቁር ቅርፊት የለበሰ ቀንድ አውጣ፣ ቀረብ ብሎ።]

በመጨረሻ ይህን ቀንድ አውጣ ተዋወቁት። በ2001 በሕንድ ውቅያኖስ ነው የተገኘው። እግሩ በቅርፊት የተሸፈነ ነው፤ ቅርፊቱ ላይ የብረት ሰልፋይድ አለ። አጽሙ ውስጥ ይህን ማዕድን የሚጠቀም ሌላ እንስሳ አይታወቅም። በ2019 የዝርያዎችን የመጥፋት ሥጋት በሚመዘግበው ዓለም አቀፍ ቀይ መዝገብ ለመጥፋት አደጋ የተጋለጠ ተብሎ ተመዘገበ። በጥልቅ ባሕር ማዕድን ቁፋሮ ሥጋት ምክንያት ለመመዝገብ የመጀመሪያው እሱ ነው። በዚያን ጊዜ ከሚታወቁት 3 መኖሪያዎቹ 2ቱ ለማዕድን ፍለጋ ፈቃድ በተሰጠበት ክልል ውስጥ ነበሩ።

ቁፋሮው ያን ያህል አይጎዳም የሚሉ ሰዎች አንድ ክርክር አላቸው። የፍል ውሃ እንስሳት ከእሳተ ገሞራ እንኳ በጥቂት ዓመት አገግመዋል ይላሉ። የሚጠቅሱት ያንን የ1991ዱን ታሪክ ነው። ግን እሱ የሆነው ወለሉ በዓመት ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ በሚሰነጠቅበት በምሥራቅ ፓስፊክ ነው። ከቀንድ አውጣው መኖሪያዎች አንዱ፣ ሎንግቺ የሚባለው፣ ያለው በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር እንኳ በማይሰነጠቅ ሸንተረር ላይ ነው። እንደዚያ ባሉ ቦታዎች ፍንዳታ እምብዛም አይደርስም፤ ፍል ውሃዎቹም ረጅም ዕድሜ አላቸው። የሚኖሩባቸው እንስሳት በየጥቂት ዓመቱ ከዜሮ መጀመር አልለመዱም። የአንዱን ምንጭ ፍጥነት ወስዶ ለሌላው መመስከር አይቻልም።

[ምስል፦ የቀዝቃዛው ምንጭ ትል። ቱቦው ላይ ሰማያዊ ቀለበት፣ ከበላዩ ጠባብ ነጭ መስመር።]

ይቺ ነጭ መስመር የአንድ ዓመት ዕድገት ናት።