ደሴ የእኔ ናት፤ የእነሱስ?

ሰላም ውድ አድማጮቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ አልጋበዝኩም። ቤተሰቤ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስለተመለሰበት ውሳኔ ብቻዬን ላጫውታችሁ ነው። ብዙዎቻችሁ ስትጠይቁኝ ቆይታችኋል፤ እኔም ነገሩ ውስጤ እስኪሰክን ድረስ ስጠብቅ ነበር።

እንደመጣን ሰሞን ያገኘን ሰው ሁሉ «በደኅና ነው?» ይለን ነበር። ሲሰሙት ሰላምታ ይመስላል። ውስጡ ግን ሌላ ነው፦ ሥራ አጥታችሁ ነው? ታማችሁ ነው? ተጣልታችሁ ነው? ከደሴ ሰው ይሄዳል እንጂ ወደ ደሴ ሰው አይመጣም ተብሎ ተይዟል። ልጅ ትምህርቱን ሲጨርስ መንገዱ ወይ አዲስ አበባ ነው፣ ወይ ዐረብ አገር። የሄደው የሚመጣው ለበዓል፣ ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ነው። ሻንጣ አንጠልጥሎ ሲመጣ እልል ይባልለታል፤ አልጋና ቁም ሣጥን በአይሱዙ ጭኖ ሲመጣ ግን ጎረቤት ይደነግጣል። ለእኛም ደነገጡልን። አንዲት የእናቴ ወዳጅ ዕቃው ሲወርድ ቆመው እያዩ ትከሻዬን ያዝ አድርገው «አብሽሪ ልጄ፣ ሁሉም ያልፋል» አሉኝ። እንዲያልፍልኝ የምለምነው መከራ አልነበረብኝም። አገሬ መግባቴ ነበር።

ይህን ስናገር ያመኛል። ደሴ እኮ የንጉሥ ሚካኤል መናገሻ የነበረች ከተማ ናት። አይጠየፍን የሚያህል አዳራሽ የተሠራው እዚህ ነው። በንጉሡ ልጅ ስም የተሰየመው ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ለአገር ስንት ሰው አፍርቷል! እንዲህ ያለች ከተማ ልጆቿን «ካልሄዳችሁ ሰው አትሆኑም» ብላ ስታሳድግ፣ የተመለሰውን ደግሞ እንደ ተሸናፊ ስታየው፣ ራሷን ነው የምትጎዳው። ይህን አስተሳሰብ መቃወም እፈልጋለሁ፤ እቃወማለሁም።

የውሳኔያችን መነሻ 2014 ነው። በዚያ ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ እናቴ ከጎረቤቶቿ ጋር ወጥታ፣ ደብረ ብርሃን አድራ፣ አዲስ አበባ እኛ ዘንድ ደረሰች። ሁለት ክፍል የኪራይ ቤት ነበረን። አንዱን ለእሷ ለቀቅን። እናቴ የምታማርር ሴት አይደለችም። ጠዋት ተነሥታ ፊቷን ታጥባ፣ ነጠላዋን ለብሳ፣ ስልኳን ይዛ በሩ አጠገብ ትቀመጣለች። ከዚያ ቀኑን ሙሉ የቅሬዋን ሰዎች ስትፈልግ ትውላለች። ሌላው እድር የሚለውን እኛ ወሎ ቅሬ እንለዋለን። እገሌ የት ደረሰ? እገሊት ልጆቿን አግኝታለች? ማን ቀረ? አንድ ቀን ከተማው ውስጥ የቀሩ አንድ አዛውንት ጎረቤት ማረፋቸውን ሰማች። አላለቀሰችም። ስልኩን እንደያዘች «ማን ቀበራቸው?» ብቻ አለች። ማንም የሚመልስላት አልነበረም። ያን ጥያቄ ለብዙ ቀን፣ ቡና እየቆላችም፣ ልጆቼን እያበላችም፣ በለሆሳስ ስትደጋግመው እሰማት ነበር።

በኅዳር ከተማዎቹ ነጻ ወጡ ሲባል መብራቱም ውሃውም እስኪስተካከል አልጠበቀችም። ሆስፒታሉ ተዘርፎ ባዶ ነው፣ የደም ግፊት መድኃኒትሽን ከየት ታገኛለሽ ብንላት የመድኃኒቱን ፌስታል አሳየችን፤ ሸምታ አዘጋጅታ ነበር። ሄደች። ቤቱ በሩ ተሰብሮ፣ ውስጡ ተራቁቶ ጠበቃት። ነገር ግን በተሰበረው በር ላይ ጎረቤቶቿ ከእሷ ቀድመው ደርሰው የቆርቆሮ ቁራጭ መትተውበት ነበር። ዛሬም ያ ቆርቆሮ አለ። አዲስ በር ካስገባንም በኋላ እናቴ ቆርቆሮውን አልጣለችውም፤ የዶሮዎቹ ቤት መዝጊያ አድርጋዋለች።

ያኔ አንድ ነገር ገባኝ። እናቴን አዲስ አበባ አምጥቶ ማስታመም የሚባለው ሐሳብ አበቃለት። እሷ የምትኖረው ስትሞት ማን እንደሚቀብራት በሚታወቅበት ቦታ ነው። እኔ ወደ እሷ ካልሄድኩ እሷ ወደ እኔ አትመጣም።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት አላረዝምባችሁም። እናቴ ግቢው ውስጥ አዳልጧት ወደቀች፤ እኔ በስልክ «ሐኪም ቤት ሂጂ» እላለሁ። መንገዱ አንዳንዴ ይዘጋል። በአውሮፕላን ኮምቦልቻ እንዳልወርድ ገንዘቡ ይከብዳል። አዲስ አበባ ላይ የቤት ኪራይ ይጨምራል፣ አከራይ ቤቱን ልቀቁ ይላል፣ እንደገና ዕቃ እንሸክፋለን። ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

የሚከብደው ከባለቤቴ ጋር የተነጋገርነው ነው። እሱ ኮልፌ ተወልዶ ኮልፌ ያደገ ሰው ነው። ወላጆቹ የተቀበሩት አዲስ አበባ ነው፣ እህት ወንድሞቹ ያሉት እዚያው ነው፣ እድሩም እዚያው። የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው፤ ኮምቦልቻ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ሥራ አገኘ። ስለዚህ የእንጀራው ጉዳይ መልክ ያዘ። እኔ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ፤ ስለ ጦሳ ተራራ፣ ስለ ሰኞ ገበያ፣ ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ አወራለሁ። እሱ ዝም ብሎ ሰማኝና «አንቺ እናትሽ ዘንድ ትሄጃለሽ። እኔ ማን ዘንድ ነው የምሄደው?» አለኝ።

አድማጮቼ፣ ይህን ጥያቄ ሳትመልሱ ዕቃ አትጫኑ። ወደ ትውልድ ቀያችን እንመለስ ሲባል ብዙ ጊዜ ትውልድ ቀዩ የአንዱ ብቻ ነው። ለእኔ አገሬ መግባት የሆነው ለእሱ ካገሩ መውጣት ነበር። ልጄም ደሴን የምታውቃት በሠርግና በፋሲካ ነው፤ ዘመድ ሁሉ ሳሚኝ ሳሚኝ የሚልባት፣ ቅዝቃዜዋ አጥንት የሚገባ ከተማ። እሷ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የስምንተኛ ክፍል ፈተናዋን ከጓደኞቿ ጋር እንድትፈተን። ሁላችንም ለዚያ ስንል ጠበቅን። ያን መጠበቃችን ዛሬም ያስደስተኛል፤ ልጅ በቤተሰብ ውሳኔ ውስጥ ቃሏ እንደሚቆጠር አይታለች።

ለባለቤቴ ጥያቄ ግን መልስ አልነበረኝም። መልሱን ያገኘው ራሱ ነው፤ ከእኔም ቀድሞ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

እንደመጣን እናቴ የመጀመሪያ ሥራዋ ያደረገችው እኛን ቅሬ ማስመዝገብ ነበር። ትምህርት ቤት ከማስመዝገብ በፊት፣ የቀበሌ መታወቂያ ከማውጣትም በፊት። የቅሬው ጸሐፊ ቤት ሄድን። ማዕዘኑ የተጣጠፈ ባለ ጠንካራ ሽፋን ደብተር አወጡ። በአንድ በኩል የእኔ አባት ስም አለ፣ ከሞተ በኋላ በላዩ ተሰርዞ የእናቴ ተጽፎበታል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ መዝገብ ነው፤ ሰይድ ከገብሬ በታች፣ ወለተ ማርያም ከፋጡማ በላይ። ጸሐፊው የባለቤቴን ስም በአዲስ መስመር ጻፉና መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ጉድጓድ ትቆፍራለህ?» አሉት። «እቆፍራለሁ» አለ። «እንግዲያው የኛ ሰው ነህ» አሉት።

ብዙም ሳይቆይ ሸዋ በር በኩል አንድ ሰው ዐረፉ። ባለቤቴ ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ፣ አካፋ ይዞ ሄደ። ሟቹን አያውቃቸውም። አብረውት የቆፈሩትንም አያውቃቸውም ነበር። ማታ ጭቃ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ሲገባ ግን የሦስት አራት ሰው ስም እየጠራ ነበር፤ ይህ ጋራዥ አለው፣ ያ ልጁ ከልጃችን ጋር ትማራለች፣ እኚህ የአባትሽ የሥራ ባልደረባ ነበሩ እያለ። በማግሥቱ ሚኒባስ ተራው ላይ ሰዎች ሰላም አሉት። ከዚያ በፊት «የእትዬ አማች» ነበር የሚባለው። አሁን በስሙ ይጠሩታል።

እኔስ? እኔ እዚህ ተወልጄ የማውቀው ሰው አጣሁ። አብሮ አደጎቼን ፍለጋ የዞርኩባቸው ቤቶች ውስጥ ያገኘሁት ወላጆቻቸውን ነው። አንዷ ጂዳ ናት፣ አንዷ አዲስ አበባ፣ ሌላዋ በሕይወት የለችም። እናቶቻቸው ያቅፉኛል፤ የሚያቅፉት ግን በእኔ በኩል የራሳቸውን ልጅ ነው። ስለዚህ እኔም እንደ ባለቤቴ ከመጀመሪያው መስመር ጀመርኩ። ለቅሶ ቤት ስንት እንጀራ እንደሚወሰድ፣ ንፍሮ የማን ተራ እንደሆነ፣ ድንኳን ስር ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ እንደገና ተማርኩ።

ባለፈው አንድ ክርስቲያን ጎረቤታችን የተዝካር ድግስ ደግሰው ነበር። ሁለት በሬ ገዙ። አንዱን ሙስሊም ጎረቤቶች ወስደው በራሳቸው ሥርዓት አረዱ፣ ወጡን በራሳቸው ድስት፣ በራሳቸው ምድጃ ሠሩ። ሽንኩርቱን ግን አንድ ላይ ተቀምጠን ነው የላጥነው። ልጄ ከጎኔ ነበረች። ለምን ሁለት ቦታ እንደሚበሰል ጠየቀች፤ አንዲት እናት ቢላዋቸውን ሳያቆሙ «ሁላችንም እንድንበላ ነዋ!» አሏት። አዲስ አበባ ብንቀር ይህን በመጽሐፍ አነብላት ነበር።

ደሴን ለማሞገስ ብቻ አይደለም የተቀመጥኩት። ደመወዝ ከአዲስ አበባው ያንሳል። ውሃ በፈረቃ ነው፤ በርሜል ሳይሞላ ያደረ ቀን ቤቱ ይተራመሳል። የሒሳብ ሥራ ለሁለት ድርጅቶች በኮምፒውተር ከቤቴ ሆኜ እሠራለሁ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ሥራው ይቆማል። ልጄ የድሮ ጓደኞቿ ትዝ ሲሏት ክፍሏን ዘግታ ትቀመጣለች። ያን ጊዜ ስለ ወሎ ፍቅር አልሰብክባትም። ከተማዋን እንደ እኔ እንድትወድ የማስገደድ መብት የለኝም። የራሷን መንገድ ታገኛለች ብዬ አምናለሁ፤ ካላገኘችም እሰማታለሁ።

አሁን ቤታችን ውስጥ ያልተቋጨ አንድ ጉዳይ አለ፤ እሱን ነግሬያችሁ ልጨርስ። ባለቤቴ በየቀኑ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት ይወርዳል፣ ይወጣል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ግድም ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ገደማ። በሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ውስጥ ከስድስት መቶ ሜትር በላይ መውረድ ማለት ነው፤ ያውም በጥምዝምዝ። በበጋ ደስ የሚል መንገድ ነው። በክረምት ግን ጭጋጉ ሲወርድ የፊተኛው መኪና መብራት እንኳ አይታይም፤ ከባድ መኪናዎቹ እያቃሰቱ ይወጣሉ፣ ሚኒባሱ ኩርባው ላይ ለመቅደም ይሞክራል። እሱ ማታ እስኪደውል ድረስ እኔና እናቴ ራት አናቀርብም።

ስለዚህ ኮምቦልቻ ቤት እንከራይ ይላል። ሙቀት አለ፣ ሜዳ ነው፣ ለትንሹ ልጃችን ደረትም ይሻላል። ልጄ ከአባቷ ጋር ናት። እናቴን ስንጠይቃት ቡናዋን አስቀምጣ፣ «እናንተ ውረዱ፤ እኔን በዚህ ዕድሜዬ የትኛው ቅሬ ነው አዲስ ሰው ብሎ የሚመዘግበኝ?» አለች። እኔ እንዳንለያይ እከራከራለሁ፤ ከእናቴ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ርቄ ለመኖር አይደለም አራት መቶ ኪሎ ሜትር የመጣሁት። ባለቤቴ ደግሞ ለእናቴ ብሎ አገሩን ለቋል፤ ሐረጎንም ለብቻው ይሸከም ማለት ከበደኝ። ለክረምቱ ወራት ብቻ እሱ ከሰኞ እስከ ዓርብ ኮምቦልቻ እንዲያድር፣ እኛ እዚሁ እንድንቆይ የሚል ሐሳብ አቅርቤያለሁ። እሱ «እስቲ ላስብበት» ብሏል። ሰኔ ከመግባቱ በፊት መወሰን አለብን።

ከእናንተ መካከል ደሴ እየኖራችሁ ኮምቦልቻ የምትሠሩ፣ ወይም በተቃራኒው የሆናችሁ ካላችሁ፣ ክረምቱን እንዴት እንደምታሳልፉት ጻፉልኝ። መልእክታችሁን ለባለቤቴም ለእናቴም አነብላቸዋለሁ። የወሰንነውን በሚቀጥለው ዝግጅት እነግራችኋለሁ። እስከዚያው ቸር ሰንብቱ።