የፈረንሳይ ፕሮፌሰር ምን ሲሠራ ይውላል?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ።

ሰሞኑን ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደውሎ «እናንተ ጋ ፕሮፌሰር በዓመት የሚያስተምረው 192 ሰዓት ብቻ ነው አሉ፤ እውነት ነው እንዴ?» አለኝ። እውነት ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. የወጣው ድንጋጌ ላይ ያለ ቁጥር ነው። እንዲያውም በትልቅ አዳራሽ የሚሰጥ ሌክቸር አንዱ ሰዓት እንደ አንድ ተኩል ስለሚቆጠር፣ ሌክቸር ብቻ የሚሰጥ ሰው 128 ሰዓት ይበቃዋል። ወንድሜ ሳቀ። «ታዲያ ሌላውን ጊዜ ተኝተው ነው?»

ሕጉ ሌላም ቁጥር አለው። መምህሩ የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነ በዓመት 1607 ሰዓት ይሠራል፤ ግማሹ ለማስተማር፣ ግማሹ ለምርምር። ዝግጅቱም እርማቱም የሚገባው በማስተማሩ ግማሽ ውስጥ ነው። እኔም የዶክትሬት ተማሪ ሆኜ በኮንትራቴ 64 ሰዓት ስለማስተምር ነገሩን ከቅርብ አየዋለሁ። እስቲ ከአማካሪዬ ጋር የዋልኩበትን አንድ ማክሰኞ ላውራችሁ።

የሚኖሩት ፓሪስ፣ የሚያስተምሩት በምዕራብ ፈረንሳይ ባለችው ሬን ከተማ ነው። እንዲህ በፈጣን ባቡር የሚመላለሱትን «ቱርቦ ፕሮፍ» እያሉ ያሾፉባቸዋል። ቦታ በተገኘበት ተወዳድረው ገቡ፣ ባለቤታቸው ደግሞ ሥራው ፓሪስ ነው፤ ምን ያድርጉ? ከሞንፓርናስ ጣቢያ ተነስተን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው የተጓዝነው። ገና ሳንቀመጥ የፈተና ወረቀት አወጡ። እዚህ አገር የተማሪው ስም ወረቀቱ ጥግ ላይ ተጽፎ ጥጉ ታጥፎ ይለጠፋል፤ አራሚው የማንን ወረቀት እንደያዘ አያውቅም። የሚታረመው ከ20 ነው፣ ማለፊያው 10። አንዱ ወረቀት ላይ በእርሳስ 9 ጻፉ። ሌሎች ሦስት አራት አርመው ወደዚያው ተመለሱ፣ ከመጀመሪያው መስመር አነበቡት፣ 9ኙን በላጲስ አጠፉት። ከዚያ እንደገና 9 ጻፉ። ለአንዲት ነጥብ ይህን ያህል መጨነቅ ሲያዩት ያስቃል፤ ተማሪው ግን በዚያች ነጥብ ነው ድጋሚ ፈተና የሚቀመጠው።

ሌክቸሩ ሁለት ሰዓት ነበር፤ ጥሩ ነበር፣ አልፈዋለሁ። የምሳ ሰዓት በስብሰባ ተበላ። በሰዓት የሚከፈለው አንድ መምህር ሥራውን ትቶ ሄዷል፣ የአንደኛ ዓመቶቹን ቡድን ማን ይውሰድ? (በነገራችን ላይ ዩኒቨርሲቲውን ደግፈው ያቆሙት እነዚህ በሰዓት የሚከፈላቸው ሰዎች ናቸው፤ ክፍያቸው ግን ወራት ሊዘገይ ይችላል። ያናድደኛል።) ከሰዓት በኋላ ደግሞ «ሞን ማስተር» በሚባለው፣ በ2023 እ.ኤ.አ. በተጀመረው የመንግሥት መድረክ በኩል የመጡ የማስተርስ አመልካቾች ፋይል ተጀመረ። እያንዳንዱ ውጤትና የማመልከቻ ደብዳቤ አለው፣ አንባቢ ይፈልጋል። የአማካሪዬ ቢሮ የሦስት ሰው ነው፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል።

የእኔ ተራ ሲደርስ ቀኑ መሽቷል። የላክሁላቸውን ምዕራፍ ግን ዳር እስከ ዳር በማስታወሻ ሞልተውት አገኘሁት። «መቼ አነበቡት?» ብላቸው «እሑድ» አሉኝ። እንደ ተራ ነገር።

እኔን የሚገርመኝ፣ በዚህ ሥራ የመግቢያና የመውጫ ፊርማ የለም፤ የት ዋልክ የሚል አለቃም የለም። አዲስ አበባ ቢሮ የሚውል ጓደኛዬ ይህን ስነግራት በቅናት ልትሞት ነበር። ግን ተማሪው በር ላይ ይጠብቃል፣ ስብሰባው ሰዓት አለው፣ ፋይሉ የመጨረሻ ቀን አለው። ለምርምር የሚነበበው፣ መዝገብ ቤት የተቀመጠ ሰነድ ግን ስልክ ደውሎ «ምነው ቀሩ?» አይልም። ስለዚህ ሁሌ የሚታረደው ለምርምር የተባለው ግማሽ ነው፤ ወደ እሑድ ይገፋል። እዘኑላቸው ማለቴ አይደለም፤ ሥራው የዕድሜ ልክ ነው፣ በሰዓት የሚከፈለው መምህር እሱን ለማግኘት ምን ባደረገ! እኔም አንድ ቀን መወዳደሬ አይቀርም።

ለጊዜው ለመስከረም 64 ሰዓቴን በአንድ ሴሚስተር እንዲያደርጉልኝ ጠይቄያለሁ። ሁለተኛውን ናንት ከተማ ያለው የዲፕሎማሲ መዝገብ ቤት ልከርምበት፤ የአዲስ አበባው የፈረንሳይ ሌጋሲዮን (ከኤምባሲው በፊት የነበረው መሥሪያ ቤት) የድሮ ወረቀቶች እዚያ ናቸው። ትምህርት ክፍሉ እስካሁን አልመለሰልኝም፤ አማካሪዬ ግን «ቶሎ ካልያዝሽው ስብሰባ ይይዝልሻል» ብለውኛል።

በሉ፣ ሳምንት እንገናኝ።