40 ሰከንድ

ዛሬ ሙዚቃ የለም፣ ቀጥታ ልግባ።

ያን ነጭ ጫማዬን ታውቁታላችሁ። አዎ፣ በእሱ ነው መቱ ጫካ ቡና ውስጥ የገባሁት። አትሳቁ። የወፍ ድምፅ ልቀዳ ብዬ ሪከርደሩን ይዣለሁ። አባባ ከፊት ናቸው። ድንገት ዞር አሉና «ልጄ፣ እግርሽን እንዳታነሺ» አሉኝ። በቀስታ፣ ቡና ቀረበ እንደማለት።

ምንም አላየሁም። ቅጠል ነው። ደረቅ ቅጠል፣ ጥላ፣ ትንሽ ቢጫ። ከዚያ ቢጫው ተነፈሰ። ከአእምሮዬ የማይወጣው እሱ ነው። ጎኑ ሞላ፣ ጎደለ። እንደ ክንዴ ወፍራም፣ ጥቁር ላይ ቢጫ ጥለት የተጣለበት። ሸማኔ የሠራው ነው የሚመስለው። ደግሞ ፉ... ሽሽሽ፣ ጎማ ሲተነፍስ እንደሚለው።

አባባ «ቀስ ብለን በዚያ እንዞራለን» አሉ። ዱላቸውን እንኳን አላነሱም።

እኔ ጮህኩ። አንድ ልጅ ቡና ለቀማውን ትቶ ገጀራ ይዞ መጣ። በቃ።

እባብ ያየ በልጥ በረየ አይደል? እኔ ቤት ገብቼ በቻርጀር ገመድ በረየሁ። እማዬ እስካሁን ትስቅብኛለች።

ማታ ፎቶውን ይዤ ሳገላብጥ ነው እንግዲህ... ይሄ እፉኝት ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለም። ቮልፍጋንግ ቦህመ የሚባል ጀርመናዊ በ1977 በፈረንጆቹ ነው ለሳይንስ ያስተዋወቀው። የመጀመሪያው ናሙናም ከዚያው፣ ከመቱ በደሌ መንገድ። ቢቲስ ፓርቪዮኩላ፣ ባለ ትንሽ ዓይን ማለት ነው። በ2016 ደግሞ የባሌው ዘመዱ ራሱን የቻለ ዝርያ ተባለ፣ ቢቲስ ሀረና። ዓይኑን አይቼው ነበር እንዴ? ትዝ አይለኝም።

ልጁን አልወቅሰውም። በባዶ እግሩ ነው የሚለቅመው። በማግስቱም እዚያው ይገባል። እኔ ነኝ ወደ አዲስ አበባ የተመለስኩት። ግን ባልጮህ ኖሮ... ወይስ ሌላ ቀን እሱን ይነድፈው ነበር? እኔ እንጃ።

ቅጂው አለኝ። 40 ሰከንድ ነው። ዛሬ ላሰማችሁ ነበር ያመጣሁት። ከጩኸቴ በኋላ ወፎቹ ዝም ይላሉ። ከዚያ የገጀራው... ከዚያ አንዷ ወፍ ትጀምራለች፣ ምንም እንዳልተፈጠረ...

ቆይ። አይ፣ ይቅር። ስልኬ እየጠራ ነው፣ እማዬ ናት።