ሰፈሩ ወደ ዐውደ ርዕዩ ሲገባ

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አድማጮቼ። እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን አራት ኪሎ አካባቢ የተከፈተ የሥነ ጥበብ ተማሪዎች ዐውደ ርዕይ አይቼ ነበርና ስለ እርሱ ላወራችሁ ነው። ሥራዎቹ ሁሉ በማኅበራዊ ችግሮቻችን ላይ ያተኮሩ ናቸው፤ የኑሮ ውድነት፣ ስደት፣ ከነባር ሰፈር መነሳት፣ የውሃ እጦት። ከአዳራሹ ከወጣሁ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ይመላለስብኛል፤ እነዚህ ልጆች ይህን ሁሉ የሚደክሙት ማን እንዲያይላቸው ነው?

ጥያቄው ለከተማችን አዲስ አይደለም። ስድስት ኪሎ አደባባይ ላይ የቆመውን የየካቲት 12 ሐውልት አስቡት። በ1929 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የፈጸመው ጭፍጨፋ እዚያ ተቀርጾ ይታያል። የሠሩት የዩጎዝላቪያ ቀራጺዎች ናቸው። ሆኖም ታክሲ የሚጠብቅ ተማሪም፣ ሕመምተኛ ደግፎ ወደ ሆስፒታሉ የሚያዘግም ሰውም ማንንም ሳያስፈቅድ ያየዋል። በአፍሪካ አዳራሽ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ ባለ ቀለም መስታወት ደግሞ 150 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው፣ ስለ መላው አፍሪካ ነጻነት የሚናገር ድንቅ ሥራ ነው። ግን በተባበሩት መንግሥታት ቅጥር ግቢ ውስጥ ስለሆነ መንገደኛ ዘው ብሎ የሚያየው አይደለም። ሁለቱም ስለ ሕዝብ የተሠሩ ናቸው፤ ለሕዝብ ዓይን ያላቸው ቅርበት ግን ለየቅል ነው።

የሥነ ጥበብ ተማሪዎቻችን ስለ ሕዝብ ሕይወት መሥራት የጀመሩትም ዛሬ አይደለም። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ገደማ የመሠረቱት፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው የሚጠራው ትምህርት ቤት ብዙ ትውልድ አፍርቷል። እነ ሠዓሊ ገብረክርስቶስ ደስታና ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን አስተምረውበታል። ከዚያ ቤት የወጣው እሸቱ ጥሩነህ በ1960ዎቹ አጋማሽ የወሎን ረሃብ ሰለባዎች በሸራ ላይ አቁሟቸዋል። ያንን ሥዕል በፎቶግራፍ እንኳ ያየ ሰው በቀላሉ አይረሳውም።

ወደ ሰሞኑ ዐውደ ርዕይ ልመለስ። ልጆቹን ስለማከብራቸው የተሰማኝን በግልጽ እናገራለሁ። ከሥራዎቹ ከፊሎቹ አልነኩኝም። የተሰነጣጠቀ መሬት፣ የምታለቅስ ሕፃን፣ በሰንሰለት የታሰረ እጅ። የእጅ ሙያ አላቸው፤ ጥላና ብርሃኑ ተጠንቅቆ የተሠራ ነው። ነገር ግን ከስልክ ላይ ከተገኘ ፎቶግራፍ የተቀዱ መሆናቸው ያስታውቃል። እንጨት ተሸካሚ እናቶችን የሳለ አንድ ወጣት ነበር፤ የሴትየዋ ጀርባ ጎብጧል፣ ፊቷ ግን የለም። እንጦጦ እኮ ከስድስት ኪሎ ቀና ብሎ ለሚያይ ሰው ፊት ለፊት ነው! ሽሮ ሜዳ ድረስ ወጣ ቢል ሸክማቸውን አውርደው ትንፋሽ የሚሰበስቡ እናቶችን ያገኛቸው ነበር። አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ቢያወራቸው፣ ገመዱ ትከሻቸው ላይ የት የት እንደሚቆርጣቸው፣ ሸክሙን መሬት ካወረዱ በኋላ ስለ ምን እንደሚጫወቱ ቢሰማ ኖሮ ያች ሴት ፊት ይኖራት ነበር።

ችግርን መሳል ሰውን ማሳነስ እንዳልሆነ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በዚያው ትምህርት ቤት ለረጅም ዓመታት ያስተማሩት ታደሰ መስፍን የጉልት ነጋዴ ሴቶችን ሲሥሉ እንደ ምሰሶ ቀጥ አድርገው ያቆሟቸዋል። ድህነታቸው አልተደበቀም። ከሥዕሉ ፊት ስቆም ግን ከንፈር መምጠጥ አይመጣብኝም፤ ጎንበስ ብዬ እጅ መንሳት ነው የሚያምረኝ። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ጣሊያን ውስጥ በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ትርኢት፣ በቬኒስ ቢየናሌ፣ የራሷ ብሔራዊ ማሳያ ሲኖራት ሥራዎቹን ያቀረበው ተስፋዬ ኡርጌሳም የዚሁ ትምህርት ቤት ፍሬ ነው።

አሁን ከሁሉ በላይ ስለያዘኝ ሥራ ልንገራችሁ። ሸራም ቀለምም የለውም። ለአንድ ተማሪ ከውጭ የሚገባ አክሪሊክ የተባለውን የሥዕል ቀለም መግዛት ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ብዙዎቹ አቡጀዲ ወጥረው የግድግዳ ቀለም ይቀቡበታል። ይህች ልጅ ግን ወለሉ ላይ ቢጫ ጄሪካኖችን ደርድራለች። ሰልፉ ከበሩ ይነሳና አዳራሹን እየተጠማዘዘ አቋርጦ አንድ ደረቅ ቧንቧ ፊት ያበቃል። ወረፋ መሆኑን ለአዲስ አበባ ሰው ማንም አይነግረውም። ጎንበስ ብላችሁ ስታዩ እያንዳንዱ የራሱ ምልክት አለው። የአንዱ እጀታ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል። አንዱ ላይ በጥፍር ቀለም መስቀል ተሥሏል። አንዱ በጋለ ሚስማር ሁለት ፊደል ተጽፎበታል። የአንዱ ክዳን ጠፍቶ አፉ በፌስታል ተወትፏል። የአንዱ ቀዳዳ በቀለጠ ፕላስቲክ ተደፍኗል። ሃያ ሊትር የሚይዝ ጄሪካን ሲሞላ ሃያ ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ እያንዳንዱን የሚሸከም ሰው እንዳለው ምልክቶቹ ይናገራሉ።

ተማሪዋ ጄሪካኖቹን አልገዛቻቸውም። በሰፈሯ ቤት ለቤት ዞራ ተዋሰቻቸው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጄሪካን ማዋስ ቀላል ውለታ አይደለም። ስለዚህ ስምምነት አደረጉ፤ ውሃ የመጣ ዕለት ባለቤቶቹ መጥተው ይወስዳሉ። እኔ በሄድኩበት ቀን ከሰዓት በኋላ ውሃው መጣ። አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡና «ልጄ፣ የእኔ የታለች?» አሉ። «ይቺት እማማ» ብላ ከወረፋው አውጥታ ሰጠቻቸው። ክፍተቱን ግን አልዘጋችውም፤ ጄሪካኗ በነበረችበት ቦታ ላይ በጠመኔ ክብ አሰመረች። ሌሎች ተከትለው መጡ። ከመምሸቱ በፊት የወረፋው ግማሽ የጠመኔ ክብ ሆኖ ነበር። እውነት እላችኋለሁ፣ ስለ ውሃ እጦት ብዙ ዘገባ አንብቤያለሁ፤ እንዲህ የገባኝ ጊዜ የለም። ባለቤቶቹ ራሳቸው ሥራውን ሠርተው ወጡ።

እኚያ እናት ግን ከመውጣታቸው በፊት ግድግዳው ላይ ወደ ተለጠፈው ወረቀት ጠጋ ብለው «ምን ይላል?» ብለው ጠየቁ። ወረቀቱ ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። የራሳቸው ጄሪካን ታሪክ ነው የተጻፈው! ተማሪዋ ቁጭ ብላ በቃል አስረዳቻቸው፤ እሳቸውም «ይሁን፣ ግን ውሃው ሌሊት እንደሚመጣም ጻፊበት» አሏት። ወዲያው በእስክሪብቶ ጨመረችው። በዐውደ ርዕዩ ሁሉ በአማርኛ የተጻፈች ብቸኛዋ ዐረፍተ ነገር እርሷ ነበረች።

ይህ በጣም ያሳስበኛል። መግለጫውን በእንግሊዝኛ የሚጽፉት ገዢውና የውጭ አገር ጎብኚው እንዲረዳቸው ነው፤ ይገባኛል፣ ሠዓሊም መኖር አለበት። ነገር ግን ስለ ጉልት ነጋዴ የተሠራ ሥራ ለጉልት ነጋዴ የማይነበብ ከሆነ፣ የሚከፈተውም በሥራ ቀን በሥራ ሰዓት ብቻ ከሆነ፣ ጥበቃውም ነጠላ የለበሰችን እናት «ወዴት ነው?» ብሎ የሚያስቆማት ከሆነ ለሕዝብ ክፍት ነው ማለት ይቸግረኛል። የምጠይቀው ነገር ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። ከእንግሊዝኛው በላይ በአማርኛ፣ ሰፈሩ ሌላ ቋንቋ የሚናገር ከሆነም በዚያ ቋንቋ ይጻፍ። እሑድ ከሰዓት ይከፈት። በሥራው ውስጥ ያሉት ሰዎች በመክፈቻው ዕለት በስም ተጠርተው ይምጡ፤ ከክቡር እንግዶች ጋር ፊት ወንበር ላይ ይቀመጡ። አስተማሪዎች የምታዳምጡኝ ካላችሁ፣ ነጥብ ስትሰጡ «ይህን ሰው አግኝተኸዋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁልኝ።

የዓመቱ ትምህርት ሲያበቃ የምረቃ ዐውደ ርዕዮች ይጀምራሉ። አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ አካባቢ የምትውሉ ሁሉ ጎራ በሉ። ተማሪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከሥራቸው አጠገብ ስለሚቆሙ አትፍሩ፤ ጠይቋቸው፣ ተከራከሯቸው። ስትሄዱም ከጎረቤታችሁ አንድ ሰው፣ በተለይ አዳራሽ ገብቶ የማያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። እርሱ ያለውን ጽፋችሁ ላኩልኝ፤ በሚቀጥለው ክፍል አነበዋለሁ። ደኅና ሰንብቱ።