አራት ሰው በሚያድርባት ትንሽ ጀልባ ውስጥ ዕቃው የት ይገባል?

(ምስል፦ ፍቅር ሐይቅ ዳር። ሣሩ ላይ በገመድ የተከለለ የጀልባ ቅርጽ።)

ጤና ይስጥልኝ። ያለነው ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ነው። ሣሩ ላይ በገመድ የከለልነው ቅርጽ የአንዲት ትንሽ ባለሸራ ጀልባ ልክ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ 6 ሜትር ተኩል። ሆዷ ላይ 2 ሜትር ከ30 ገደማ። ካታሊና 22 ትባላለች። የነደፋት ፍራንክ በትለር የሚባል አሜሪካዊ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1969 ጀምሮ ከ15,000 በላይ ተሠርታለች። እኛ ሐይቅ ላይ የለመድናቸው ጀልባዎች በሞተር የሚሄዱ ናቸው፤ ሰው ተንሸራሽሮ ይወርዳል እንጂ አያድርባቸውም። ይቺ ግን ካቢን፣ ማለትም ጣሪያ ያለው ክፍል አላት። አራት ሰው ይተኛባታል፣ ያበስልባታል፣ ልብሱን ያስቀምጥባታል።

እስቲ አራት ሆናችሁ ገመዱ ውስጥ ግቡ። ፊቷ ሹል ነው፣ እየጠበበ ይሄዳል። ከኋላ ያለው ትልቅ ድርሻ ደግሞ ጣሪያ የለውም፤ መሪውን የሚይዘው ሰው እዚያ ነው የሚቀመጠው። ታዲያ አራቱ ሰዎች የት ገቡ?

(ምስል፦ ጀልባዋ በጎን ተቆርጣ፣ ውስጧ ሲታይ።)

ጀልባ ሠሪ የሚጀምረው ከቁመት ነው። ሰው ሲቆም ከፍ ያለ ጣሪያ ይፈልጋል። ሲቀመጥ ከመቀመጫው በላይ 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይበቃዋል። ሲተኛ ደግሞ በእግሩ በኩል ግማሽ ሜትር ካገኘ ምንም አይጎድልበትም። ስለዚህ መኝታ የሚደረገው ማንም ሊቆምበት የማይችል ቦታ ላይ ነው። ሹሉ ፊት ውስጥ ሁለት ሰዎች ይተኛሉ፤ ጭንቅላታቸው ወደ መሃል፣ እግራቸው ወደ ጫፉ። እግር እንደ ትከሻ ስፋት ስለማይፈልግ መጥበቡ አያስቸግራቸውም። በብዙ ትንንሽ ጀልባዎች ደግሞ አንዱ መኝታ ወደ ኋላ ይዘልቃል። የተኛው ሰው ደረቱ ካቢን ውስጥ ነው፣ እግሩ ግን ውጭ ከተቀመጠው ሰው ወንበር ስር ገብቷል። ቁመት ያለው መሃሉ ነፃ ይቀራል። እዚያ ይለበሳል፣ ይበሰላል፣ ይተላለፋል።

አሁን የኛን ኪራይ ቤት አስቡት። ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩ እህቶቻችን ሦስት አራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። የቆርቆሮው ጣሪያ ባንድ በኩል ያዘቀዝቃል። አልጋው ግን ብዙ ጊዜ ከፍታ ያለው ጎን ላይ ይዘረጋል፣ ሰው ደግሞ ዝቅ ባለው ጎን ጎንበስ ብሎ ሲለብስ ታያላችሁ። አልጋውን ወደ ዝቅተኛው ጎን ማዞር ብቻ የአንድ ሰው መቆሚያ ያስገኛል። ምስማር እንኳ አይፈልግም።

ካታሊና ውስጥ ጠረጴዛው ዝቅ ይልና ከሁለቱ ወንበሮች ጋር አልጋ ይሆናል። ሰው ሲያየው በጣም ይወደዋል። እኔ ግን አልመክርም፤ ቢያንስ ለየቀኑ አይሆንም። ማታ ማታ ከጠረጴዛው ላይ ሁሉም ነገር መነሳት አለበት፣ ጠዋት ደግሞ መኝታው ይጠቀለላል። ድካም ሲመጣ ሰው ይተወዋል፣ ጠረጴዛውም አልጋ ሆኖ ይቀራል። የሚታጠፍ ዕቃ ስትገዙ ይቺን አስቡባት። አጥፎ መዘርጋቱ ከግማሽ ደቂቃ በላይ ከወሰደ፣ ሳይታጠፍ መኖሩ ነው።

(ምስል፦ የአልጋ ሰሌዳ ተነስቶ፣ ስር ያለው ሣጥን ሲታይ።)

ወደ ዕቃው እንምጣ። ዋናው ጉዳይም እሱ ነው። በጀልባ ውስጥ እያንዳንዱ አልጋ ስር ሣጥን አለ። ሰፊ ነው፣ ብዙ ይይዛል። ችግሩ ክዳኑ ከላይ መሆኑ ነው። ጨው ለማውጣት የተኛው ሰው ይነሳል፣ ፍራሹ ይነሳል፣ ሰሌዳው ይነሳል፣ ከዚያ ከጨው በላይ ያለው ሁሉ ይነሳል። ቦታውን የምመዝነው በዚህ ነው፦ አንድ ዕቃ ለማግኘት ስንት ነገር አነሳለሁ? ምንም የማይነሳበት ቦታ ለየዕለቱ ዕቃ ነው፤ ለሻይ፣ ለስኳር፣ ለባትሪ። አንድ ነገር የሚነሳበት ቦታ ለሳምንቱ። ሦስት አራት ነገር የሚነሳበት ለመጠባበቂያና ለክረምት ልብስ። አብዛኛው ሰው የሚያስቀምጠው በመጠን ነው፤ ትልቁን ትልቅ ቦታ፣ ትንሹን ትንሽ ቦታ። ቤት ተጣቦ ሲያስመርር ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው።

መላ አለው። የአልጋውን ሣጥን ጎኑን ቆርጦ ትንሽ በር ማውጣት። አናጢ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። ሲቆረጥ ጥግ ጥጉን ሳይነኩ መተው ነው፤ ክብደቱን የሚሸከመው እሱ ነውና።

የጀልባ ግድግዳ ቀጥ ያለ አይደለም፣ ጎባጣ ነው። አራት ማዕዘን የፕላስቲክ ሣጥን ስታስጠጉበት ከኋላው ባዶ ቦታ ይቀራል። ለዚህ ነው ጀልባ ላይ የሚኖሩ ሰዎች ለስላሳ ቦርሳና መረብ የሚመርጡት። ቦርሳ የግድግዳውን ቅርጽ ይይዛል። ሽንኩርትና ፍራፍሬ ከጣሪያ ስር በተወጠረ መረብ ላይ ይቀመጣል፤ አየር ያገኛል፣ ጀልባዋ ስትናወጥም አይፈርጥም። መረብ ደግሞ ሐዋሳ ላይ አይቸግርም።

ክብደት ሌላ ጉዳይ ነው። ውሃ አንዱ ሊትር አንድ ኪሎ ነው። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት 40 ኪሎ። እሱን ከፊት ጫፍ ላይ ብታስቀምጡ ጀልባዋ አፍንጫዋን ትደፋለች፣ ማዕበል ሲመጣም በላዩ ከመውጣት ይልቅ ውስጡ ትነከራለች። ከባድ ዕቃ ወለሉ አጠገብ፣ መሃል ላይ። ብርድ ልብስና ጃኬት ጫፎቹ ላይ። ሐይቃችን ላይ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ጀልባ ላይ የነበረ ሰው ይሄን ሳይነገረው ይገባዋል።

(ምስል፦ የተገለበጠ ፍራሽ፣ ስሩ እርጥብ።)

ቦታ ስናብቃቃ የምንረሳው አየርን ነው። የተኛ ሰው ሌሊቱን በትንፋሹና በላቡ እርጥበት ያወጣል። እርጥበቱ ፍራሹን አልፎ ቀዝቃዛው ሰሌዳ ላይ ሲደርስ ውሃ ይሆናል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ፍራሹን ስትገለብጡት ጥቁር ጥቁር ሻጋታ ታገኛላችሁ። ሲሚንቶ ላይ ፍራሽ አንጥፎ የተኛ ሁሉ ያውቀዋል። ጀልባ ላይ ሰሌዳውን በርከት አድርገው ይበሱታል፣ ወይም ከፍራሹ ስር ርብራብ ያስገባሉ። የሣጥን በሮችም ቀዳዳ ይኖራቸዋል። እስከ አፉ የተጠቀጠቀ ሣጥን አይተነፍስም። ስለዚህ ጥቂት ጣት ያህል ባዶ ተዉለት።

አንድ ነገር ላይ ግን ድርድር የለም። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ካመለጠ ወደ ላይ አይወጣም፤ ወለል ላይ ይተኛል። ጀልባ ውስጥ ከወለሉ ስር ያለው ጉድጓድ እንደ ጋን ያጠራቅመዋል፣ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ስለዚህ ሲሊንደሩ የሚቀመጠው ከካቢኑ ተለይቶ፣ ከታች ወደ ውጭ የሚያስወጣ ቀዳዳ ባለው ሣጥን ውስጥ ነው። ቤት ውስጥም ቦታ ለማትረፍ ብላችሁ አልጋ ስር እንዳትከቱት። ከሰልም በተዘጋ ክፍል አይያዝ፤ ጭሱ ባይታይም ጋዙ ይገድላል።

ሕይወት አድን ጃኬትና እሳት ማጥፊያ ከላይ ምንም አይደረብባቸውም። ቦታቸው መውጫው አጠገብ ነው፣ ቦታውም የነሱ ብቻ ነው።

ዕቃውን አስገብታችሁ ስትጨርሱ እንዲህ ሞክሩት። ማታ መብራት አጥፉ። ከመኝታችሁ ሳትነሱ ባትሪውን ፈልጉ። ቀጥሎ የመጠጥ ውሃውን፣ ከዚያ መድኃኒቱን። እጃችሁ ፈልጎ ያጣው ዕቃ ካለ፣ ጠዋት ቦታውን ቀይሩለትና ማታ እንደገና ሞክሩ።