ዳኛው መጀመሪያ ይንፋው

የተከበራችሁ ጋሼዎቻችን፣ እትዬዎቻችን፣ ወንድሞችና እህቶች፤ እንደምን አመሻችሁ።

ኮሚቴው የሰጠኝ ርዕስ «ወጣቶቻችንና ሙዚቃ» የሚል ነው። ጊዜው ዐሥራ አምስት ደቂቃ። እመጣበታለሁ። ግን ስገባ ይህን ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥኩትን ነገር አይታችሁ «ይሄ ትራምፔት ምን ሆኖ ነው?» ያላችሁኝ ስላላችሁ መጀመሪያ እሱን ልመልስ። ትራምፔት አይደለም። ቢውግል ነው። በጂ የተቃኘ፣ ሁለት ፒስተን ብቻ ያለው የወታደር ጡሩምባ፤ ፒስተን ማለት ድምፅ ለመቀየር በጣት የሚጫነው ነው። ቱቦው ከቢ ፍላት ትራምፔት በአንድ አምስተኛ ገደማ ይረዝማል፤ ድምፁም በዚያው ልክ ይወፍራል። ያመጣሁትም በእሱ ላይ የሚፈርድ ዳኛ መጀመሪያ ራሱ ይንፋው ለማለት ነው።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ግማሹ ሰው ክቡር ዘበኛ ወይም ምድር ጦር ወይም ፖሊስ ሠራዊት ሲነፋ የኖረ ነው። የቀረው ግማሽ የነፊ ሚስት ወይም የነፊ ልጅ ነው። እኔም የነፊ ልጅ ነኝ። ለእናንተ ስለ ፒስተን ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ድራም ኮርን፣ የናስ መሣሪያና ከበሮ ይዞ ሜዳ ላይ እየተሰለፈ የሚወዳደረውን ቡድን፣ ግን ብዙዎቻችሁ ያወቃችሁት አሜሪካ ያደጉት ልጆቻችሁ ሲገቡበት ነው። ነገሩ የጀመረው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች በየሰፈሩ ማኅበር ሲያቋቁሙ ነው። የያዙት የጦር ሠፈሩን ቢውግልና ከበሮ ነበር። ያኔ ቢውግሉ ፒስተን አልነበረውም። ማለትም እንደ እኛ እምቢልታ ነው። እምቢልታ ጣት የሚያርፍበት ቀዳዳ የለውም። አንዱ ነፊ ያለውን ሁለት ሦስት ድምፅ ይሰጣል፣ ሌላው ይቀበለዋል፣ ሦስተኛው ይጨምራል፤ ዜማው በመቀባበል ይወጣል። ይህን እምቢልታ ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ከዚያ ፒስተን አንድ አንድ እያለ ገባ። የወጣቶቹን ውድድር የሚመራው ዲሲአይ ሁለት ፒስተንን በፈረንጆቹ 1977 ፈቀደ፤ ሦስተኛውን በ1990። በ2000 ደግሞ በጂ ካልተቃኘ የሚለው ሕግ ተነሣና በየትኛውም ቅኝት መንፋት ተቻለ። የአዋቂዎቹ ውድድር በ2004 ተከተለ። ክርክሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ምሽት፣ በአንድ ዳኛ ፊት አንዱ ቡድን አዲስ ባለ ሦስት ፒስተን ቢ ፍላት፣ ሌላው አሮጌ ቢውግል ይዞ ይሰለፋል።

አሮጌውን የያዝነው እኛ ነበርን።

ያኔ ከሰኞ እስከ ዓርብ ታክሲ እነዳለሁ። ቅዳሜና እሁድ አንድ ትምህርት ቤት መኪና ማቆሚያ ውስጥ ባሪቶን፣ ወፍራም ድምፅ ያለውን ትልቁን ቢውግል፣ እነፋለሁ። ፀሐዩ አስፋልቱን ያቀልጠዋል። ጎረቤት ያለው ቡድን አዲስ መሣሪያ በሙሉ ገዛ። እኛም ስብሰባ ጠራንና ሣጥናችንን ቆጠርን። ያለን ገንዘብ ከንፈር የሚያርፍበትን ማውዝፒስ እንኳ አያስገዛም። በቃ፣ በቢውግላችን ቀጠልን።

አሁን ጋሼዎች ይህን ልብ በሉልኝ። ባለ ሁለት ፒስተን መሣሪያ ላይ ከታችኛው ዶ በላይ ያለችው ሬ የለችም። ሬ ፍላትም፣ ሚ ፍላትም የሉም። ላ ፍላትም የለችም። ድምፁን በከንፈርህ ጎትተህ ብትፈልጋት አታገኛትም። ከሚ ወደ ዶ ልውረድ ካልክ መሐል ላይ ገደል ነው።

ዜማ የሚያቀናብርልን ሰው ምን አደረገ? ሶፕራኖዎቹ፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚነፉት፣ ሚን ይነፋሉ፤ ሬ ላይ ዝም ይላሉ። ሬዋን እኛ ባሪቶኖቹ እንነፋለን፤ ባሪቶን አንድ ኦክታቭ ስለሚወርድ ያቺ ሬ ለእኛ በላይኛው ድምፅ ውስጥ ትገኛለች። ከዚያ ሶፕራኖዎቹ ዶ ላይ ይረከቡናል። እምቢልታ ማለት ይሄ አይደለም እንዴ! ያቺን አንዲት ሬ ለሁለት ወር ተለማመድናት። ድምፃችን ከእነሱ ድምፅ ጋር እስኪመሳሰል፣ የእኛም ምላስ ከእነሱ ምላስ ጋር እኩል እስኪመታ። በመጨረሻ ዓይኑን ጨፍኖ የሚሰማ ሰው ሦስቱንም ኖታ አንድ ሰው የነፋው ይመስለው ነበር።

የውድድሩ ቀን መጣ። ከተማው ትንሽ ነው፣ ስሙን አልጠራም። እንደምታውቁት የሜዳ ዳኛ ነፊው መሐል እየተራመደ፣ የሚሰማውን መቅረጫ ላይ እየተናገረ ነው የሚፈርደው። ውድድሩ ካለቀ በኋላ ቅጂው ለቡድኑ ይሰጣል። እኛም ሚኒባስ ውስጥ ተጨናንቀን፣ ላባችን ሳይደርቅ ከፈትነው። ያቺ ቦታ ስትደርስ ሁላችንም ትንፋሻችንን ዋጥን። ዳኛው እንዲህ አለ፦ «ሶፕራኖዎች፣ እዚህ ጋ ለምን ትተነፍሳላችሁ? መስመሩን አትቁረጡት። ስንፍና ነው።»

ስንፍና!

ዝም አልን። አንዷ ሶፕራኖ ነፊ፣ ቀን ቀን ነርስ ናት፣ መሣሪያዋን እግሯ ሥር አስቀመጠችና በመስኮት ታይ ጀመር። በሦስት ዐሥረኛ ነጥብ ተበልጠን ነበር የወጣነው።

አሠልጣኛችን ማታ ከዳኞቹ ጋር በሚደረገው ውይይት ላይ ሄዶ ጠየቀው። ዳኛው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን መመስከር አለብኝ። «ይቅርታ፣ ሁለት ፒስተን መሆኑን አላየሁም» አለ። አላየሁም! ከመሣሪያው ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቆሞ! ሚዛን የያዘ ሰው የሚመዝነው ጤፍ ይሁን ስንዴ ካላየ ምን ሊፈርድ ነው የቆመው?

ያን ሳምንት አዲስ አበባ ለአባቴ ደወልኩና ቅጂውን በስልክ አሰማሁት። የዳኛውን እንግሊዝኛ ተረጎምኩለት። ትንሽ ዝም አለና «ሰውዬው እምቢልታ ሰምቶ አያውቅም?» አለኝ። ከዚያ ስለ ጉልበቱ ሕመም ማውራት ጀመረ።

እንግዲህ ለወዳጆቼ ይህን ስናገር «ታዲያ ለቢውግል ጉርሻ ነጥብ ይሰጥ ነው የምትለው?» ይሉኛል። አላልኩም! ምጽዋት አልለመንም። የዚያን ምሽት ሁለተኛው ክፍል ላይ ቅኝታችን ወርዶ ነበር፤ እሱን ዳኛው ቆረጠብን፣ ደግ አደረገ። እንዲያውም በግልባጩ ያለውንም አልወድም። አንዳንድ ዳኛ አሮጌ ቢውግል ሲሰማ ወጣትነቱ ትዝ ይለውና እጁ ይለሰልሳል። ያም ፍርድ አይደለም።

ሌሎች ደግሞ «ዳኛ የሚፈርደው በሚሰማው ነው፤ መሣሪያው ምን አገባው?» ይላሉ። ይህ ክርክር እስከ 1983 ድረስ ያስኬድ ነበር። ያኔ ዳኛው ስሕተት ቆጣሪ ነው። ለእያንዳንዱ ስሕተት አንድ ዐሥረኛ ይቀንሳል፣ አለቀ። በ1984 ግን ያ ቀረ። አሁን የዳኛው የነጥብ ወረቀት ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ምን ነፋችሁ? እና እንዴት ነፋችሁት? የነፋሁት ነገር ምን ያህል እንደሚከብድ ሳታውቅ «ምን ነፋችሁ» ለሚለው እንዴት ነጥብ ትሰጣለህ? እኔ ታክሲ ነጂ ነኝ። ዳገት በማኑዋል መኪና ያስነሣን ሰው አውቶማቲክ ብቻ የነዳ ሰው አይፈትነውም!

በዲሲአይ ወረቀት የብራስ፣ ማለትም የናስ መሣሪያ፣ ዳኛ ከሃያ ይሰጣል፤ ለሁለት ተካፍሎ ከመቶው ዐሥር ነጥብ ይሆናል። ትንሽ ትመስላለች። ግን ቡድኖች በዐሥረኛ ሲበላለጡ የምናይ ሰዎች ነን።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ዳኛ ሆኖ የሚመደብ ሰው፣ ወቅቱ ሳይጀምር፣ ሜዳ ላይ የሚመጣውን መሣሪያ ሁሉ በገዛ ከንፈሩ ይንፋው። ትራምፔቱንም፣ ሜሎፎኑንም፣ ቢውግሉንም። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል። ጉዳዩ የአሮጌ ቢውግል ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ከ2014 ወዲህ ትሮምቦንና ሱዛፎንም ተፈቅደዋል። በፒስተን ያደገ ዳኛ በትሮምቦን ስላይድ፣ በሚንሸራተተው ቱቦ፣ ላይ ሌጋቶ፣ ማለትም ድምፆቹን ሳያቋርጡ አያይዞ፣ መንፋት ምን እንደሚያስከፍል ካልሞከረው አያውቀውም።

ቡድኖቹም የያዙትን መሣሪያ በአንዲት ገጽ ጽፈው ለዳኛው ያስረክቡ። ይህ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

የእኛ አገር የማርሽ ባንድ ነገር ራሱ እንዴት እንደተጀመረ ታውቃላችሁ። በፈረንጆቹ 1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ አርባዎቹን የአርመን ልጆች ሲያዩ፣ ያዩት ወላጅ አልባ ልጆች መሣሪያ ይዘው ሲነፉ ነው። የማረካቸው የተዋበ አዳራሽ አልነበረም። ልጆቹን ከነመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አመጧቸው፤ የዘውዱን መዝሙር ዜማ የደረሰውም እሱ ነው። ማን በምን እንደሚነፋ ማየት ማለት ይህ ነው።

«ወጣቶቻችንና ሙዚቃ»። አዎ። ልጃችሁ ድራም ኮር ልግባ ካለ ፍቀዱለት። ክፍያው በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው፤ ስለዚህ ከጥቅምት ጀምራችሁ አስቀምጡ። ጥሩ ጫማም ግዙለት። ነሐሴ ላይ ኢንዲያናፖሊስ ሄዳችሁ ፍጻሜውን እዩ። ኮሚቴው ይቅር ይበለኝ፣ ጊዜው አለቀ።

ዶሮው ሳይቀዘቅዝ አንድ ነገር ብቻ። ጋሽዬ፣ እዚያ ጥግ የተቀመጡት፤ አዎ፣ እርስዎ። ሲገቡ ጀምሮ ቢውግሉን ሲያዩት አይቻለሁ። ማውዝፒሱን አጥቤዋለሁ። ይምጡና ከሚ እስከ ዶ ይውረዱበት፤ ሬ ላይ ሲደርሱ ምን እንደሚሉ እሰማለሁ። የውሃ ማፍሰሻዋ ትንሽ ትይዛለች፤ በአውራ ጣትዎ ጠንከር አድርገው ይጫኗት።